የግቢ ፒዛ ምድጃ ወለሉ ምን ያህል ከፍ ይበል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢው ውስጥ የፒዛ ምድጃ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ስለ ጉልላቱ፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ጭስ ማውጫው ሲያነብ ይከርማል። ከፍታው ጋ ሲደርስ ግን «ያው እንደ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። ጉልላት ቢሰነጠቅ ይለሰናል። ጭስ ማውጫ ቢያጥር ይቀጠላል። ከፍታ ግን ኮንክሪቱ ከደረቀ አለቀ፤ ዕዳው የወገባችሁ ነው።

ከፍታው የሚለካው ከየት እስከ የት ነው?

ፒዛው ከሚያርፍበት ጡብ ላይኛው ገጽ አንስቶ እግራችሁ እስከሚቆምበት መሬት ድረስ ነው። መሬት ስል የመጨረሻውን መሬት ማለቴ ነው። ሣር ከሆነ ሣሩ፣ ንጣፍ ድንጋይ ከሆነ ንጣፉ። የምድጃው መሠረት ልኬቱ ውስጥ አይገባም፤ እናንተ እሱ ላይ አትቆሙም።

ብዙ ሳታብራሩ ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ። ስንት ሴንቲ?

ለአብዛኛው አዋቂ ከ100 እስከ 115 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ምንም ሳትለኩ 110 ብታደርጉት ብዙም አትጎዱም። ግን 155 ሴንቲ የሆነ ሰውና 190 የሆነ ሰው አንድ ምድጃ ፊት እኩል አይመቻቸውም። ስለዚህ ቁጥሩን ከራሳችሁ ሰውነት ብታወጡት ይሻላል።

የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ዓይንና ክርን። ዓይን «ከዚህ በታች አትውረድ» ይላል። ክርን ደግሞ «ከዚህ በላይ አትውጣ» ይላል። ምቹው ከፍታ በሁለቱ መሀል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት። ብዙ ሰው ክርኑን ብቻ ለክቶ ይሄዳል፤ ዓይኑን የሚያስታውሰው የመጀመሪያዋ ፒዛ ከኋላ በኩል ስትከስልበት ነው።

ክርኔን እንዴት ነው የምለካው?

ምድጃው ጋ ስትሆኑ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ትከሻችሁን ልቀቁት። ክንዳችሁን 90 ዲግሪ እጠፉ። ሌላ ሰው ከመሬት እስከ ክርናችሁ ሥር በሜትር ይለካ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግድግዳ ተጠግታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ለግምት ያህል ቁመታችሁን በ0.63 ማባዛት ትችላላችሁ። ለ160 ሴንቲ ሰው 101፣ ለ170 ሴንቲ 107፣ ለ180 ሴንቲ 113 አካባቢ ይመጣል። እጀ ረጅምና እጀ አጭር ስላለ ግን ሜትሩን እመኑ።

የክርናችሁ ልክ መነሻችሁ ይሁን። ከሱ 5 ሴንቲ ብትወርዱ ችግር የለም። 10 ሴንቲ ብትወጡም ያስኬዳል። ከዚያ ካለፈ ግን በቂ ምክንያት ይኑራችሁ።

የወጥ ቤት ጠረጴዛ 90 ሴንቲ ገደማ ነው። ምድጃውስ ለምን 90 አይሆንም?

ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነገር ከላይ ታዩታላችሁ። ምድጃ ውስጥ ያለውን ግን በአፉ አሾልቃችሁ ነው የምታዩት። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ዓይናችሁ ከመሬት 160 ሴንቲ ላይ ነው እንበል፤ ይህ ቁመቱ 171 ሴንቲ ገደማ የሆነ ሰው ማለት ነው። የምድጃው አፍ ቁመት 30 ሴንቲ ይሁን። ከአፉ 60 ሴንቲ ርቃችሁ ቆማችኋል። ወለሉ 110 ላይ ከሆነ የአፉ የላይኛው ጠርዝ 140 ላይ ነው። ዓይናችሁ ከጠርዙ የሚበልጠው በ20 ሴንቲ ብቻ ነው። በዚህ አቋቋም ወለሉ ወደ ውስጥ እስከ 90 ሴንቲ ድረስ ይታያችኋል። ለብዙ የቤት ምድጃ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ወይም የሚጎድለው ጥቂት ነው።

አሁን ወለሉን ወደ 90 አውርዱት። የአፉ ጠርዝ 120 ላይ ይሆናል። ዓይናችሁ በ40 ሴንቲ ይበልጠዋል። የሚታያችሁ ወለል 45 ሴንቲ ብቻ ነው። 20 ሴንቲ ዝቅ ስላላችሁ ግማሹን እይታ አጣችሁ። እሳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ፒዛው ቶሎ የሚከስለውም በዚያው በኩል ነው።

ምድጃው 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ፒዛ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይበስላል። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል። በያንዳንዱ ዙር ለማየት ጎንበስ፣ ለማዞር ቀና። አሥር ሰው የጠራችሁ ቀን ሒሳቡን አስቡት።

እሺ፣ ታዲያ 130 አድርጌ ለምን አልገላገልም?

እዚህ ላይ ክርን ይገባል።

አካፋው፣ ማለትም ፒዛው የሚገባበትና የሚወጣበት ባለ ረጅም እጀታ ጠፍጣፋ መሣሪያ፣ ፒዛው ሥር እንዲገባ ምላሱ ወለሉ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ መተኛት አለበት። እጃችሁ ከወለሉ በታች ሲሆን እጀታው የምድጃው አፍ ጠርዝ ላይ ይደገፋል። ጫፉ ደግሞ ወደ ላይ ይነሣል። ፒዛው ሥር በመግባት ፈንታ ጎኑን ይገፋዋል፤ ልብስ ሲታጠፍ እንደሚሆነው ተጨማዶ ይቆልላል። ይህን ለማስተካከል ትከሻችሁን ታነሣላችሁ። ትከሻ ተነሥቶ ደግሞ ለረጅም ሰዓት አይሠራም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ወለሉ 130 ላይ ሲሆን አፉ ከ130 እስከ 160 ድረስ ይከፈታል። ለብዙ ሰው ይህ ትክክል ፊቱ ነው። ከአፉ የሚወጣው ግለት ሲጠጉት ይጋረፋል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሦስተኛው ከባድ ዕቃ ነው። በብረት ድስት የሞላ ነገር በደረት ከፍታ፣ እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በጓንት ማውጣት ለወገብም ለእጅም አደጋ ነው።

የአካፋው እጀታ ርዝመት ከከፍታው ጋር ይገናኛል?

በጣም ይገናኛል። እጃችሁ ከወለሉ 20 ሴንቲ ከፍ ብሏል እንበል። አካፋው በጠቅላላው 80 ሴንቲ ከሆነ 14 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብላል። 150 ሴንቲ ከሆነ ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። ያው እጅ፣ ያው ምድጃ፤ ረጅሙ ግን ጠፍጠፍ ብሎ ይገባል። ምድጃችሁ ትንሽ ዝቅ ካለባችሁ ረጅም እጀታ ብዙ ነገር ይሸፍንላችኋል። ከኋላችሁ ግን ለመሳብ የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩን እዩ። ግድግዳ ወይም የሰው ወንበር ካለ ክርናችሁ ሳይሆን እጀታው ነው የሚጋጨው።

ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት መሞከር ይቻላል?

ይቻላል ብቻ ሳይሆን ግድ ነው ባይ ነኝ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነው።

ትልቅ ካርቶን ፈልጉ። በአንዱ ጎኑ የምድጃችሁን አፍ ልክ ቁረጡ፤ ለምሳሌ ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ። ጠረጴዛ ወይም ብሎኬት ላይ ደርድሩና የካርቶኑ ወለል የክርናችሁ ልክ ላይ እንዲሆን በጣውላ ከፍ አድርጉት። አካፋ ከሌላችሁ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠፍጣፋ ጣውላ ምቱ። እርጥብ ፎጣ አጣጥፋችሁ ፒዛ ነው በሉት።

አስገቡት። ጥጉ ድረስ ውሰዱት። አዙሩት። አውጡት። ወደ ኋላው ጥግ ሳትጎነበሱ ይታያችኋል? ትከሻችሁ ተነሥቷል? የእጀታው መሀል ጠርዙን ይነካል? ከዚያ ካርቶኑን አንሡና በዚያው ከፍታ ላይ ግማሽ ድረስ ውኃ የሞላ ድስት አስቀምጣችሁ አንሡት። አሁን 5 ሴንቲ ጨምሩና እንደገና፤ ከዚያ 5 ቀንሱና እንደገና። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ሰውነታችሁ ራሱ ይመርጣል። የመረጠውን ቁጥር ግድግዳ ላይ ጻፉት። ግንበኛው ሲመጣ «በግምት» የሚባል ነገር እንዳይኖር።

110 ፈለግሁ። ስንት ረድፍ ብሎኬት ያስፈልገኛል?

ሒሳቡ የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ብዙ ሰው ከታች ጀምሮ እየገነባ ወጥቶ «የደረሰበት ይድረስ» ይላል፤ ከዚያ ያልተፈለገ ቁጥር ላይ ያርፋል።

ከላይ እንጀምር። እሳት የሚችለው ጡብ በጠፍጣፋው ሲተኛ 6.5 ሴንቲ ገደማ ነው። ከሥሩ የማስተካከያ ስስ አሸዋ ግማሽ ሴንቲ። ከዚያ ሙቀት መከላከያው፤ ከፐርላይት ወይም ከቨርሚኩላይት (ሙቀት የሚከላከሉ ቀላል የማዕድን ቅንጣቶች) ጋር የተቦካ ስሚንቶ ከሆነ 10 ሴንቲ። ከዚያ ፌሮ ያለው ሶሌታ፣ እሱም 10 ሴንቲ። ድምሩ 27 ነው። ከ110 ላይ 27 ሲቀነስ 83 ይቀራል። ብሎኬት ከነስሚንቶው 20 ሴንቲ ስለሚይዝ አራት ረድፍ 80 ይሆናል። የቀረችውን 3 ሴንቲ መሠረቱ ከንጣፉ በላይ ብቅ እንዲል በማድረግ ታገኟታላችሁ። አለቀ።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሙቀት መከላከያው ዓይነት ነው። በፐርላይቱ ቦታ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው የካልሲየም ሲሊኬት ሰሌዳ ብትገዙ ወለላችሁ በ5 ሴንቲ ይወርዳል። ስለዚህ የምታነጥፉትን ሳትወስኑ ብሎኬት አትቁጠሩ። ሁለተኛው የረድፉ ጉዳይ ነው። ሦስት ረድፍ ወደ 90 ይወስዳችኋል፣ አምስት ረድፍ ወደ 130። ሁለቱም አይሆኑም። ግንበኛ ደግሞ በሙሉ ብሎኬት መጨረስ ይወዳል። ቁመታችሁ 105 ወይም 115 የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነቱን ግማሽ ብሎኬት ቆርጦ፣ በአንድ ረድፍ ጡብ ወይም በሶሌታው ውፍረት ይሙላው። ሶሌታውን ማሳሳት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከላዩ የሚቀመጠው ምድጃ ብዙ መቶ ኪሎ ነው።

ንጣፉን በኋላ ነው የማነጥፈው። ችግር አለው?

ካላሰባችሁበት አለው። መሠረቱ ከአፈሩ 5 ሴንቲ ከፍ ብሎ ነበር እንበል። ከዚያ አሸዋና ድንጋዩ ተደምሮ 8 ሴንቲ የሚሆን ንጣፍ መጣ። እናንተ 8 ሴንቲ ከፍ አላችሁ፤ ምድጃው ባለበት ነው። 112 የነበረው 104 ሆነ ማለት ነው። የንጣፉን ውፍረት ዛሬውኑ ወስናችሁ ደምሩ።

መሬቱ ዘቅዘቅ ያለ ከሆነ የምትለኩት እናንተ የምትቆሙበት ቦታ ላይ ነው፤ ከምድጃው አፍ ፊት ለፊት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ባለው ውስጥ። የጎኑና የጀርባው ከፍታ ምንም አያገባችሁም።

እኔ ረጅም ነኝ፣ ባለቤቴ አጭር ናት። ለማን እንሥራው?

አብዛኛውን ጊዜ ለሚጋግረው። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ግን ግንባታውን የሚከታተለው ሰው ሳያውቀው ለራሱ ቁመት ያሠራዋል፣ ጋጋሪው ሌላ ሆኖ ይገኛል።

እኩል የምትጋግሩ ከሆነ ክርናችሁን ለክታችሁ መሀሉን ያዙ። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ቢሆን እያንዳንዳችሁ 5 ሴንቲ ትቸገራላችሁ፤ ያ የሚቻል ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ወደ ረጅሙ ሰው አድሉ እላለሁ። አጭሩ ሰው መቆሚያ ላይ መውጣት ይችላል፤ ረጅሙ ግን ጉልበቱን አጥፎ ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም። መቆሚያው ታዲያ በርጩማ ወይም ሳጥን አይሁን። ትኩስ አካፋ ይዞ ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ጠርዙን ይስታል። የምድጃውን ፊት በሙሉ የሚሸፍን፣ ወደ ኋላ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሄድ፣ የማይነቃነቅ ይሁን።

እኔ ከፒዛ ይልቅ ዳቦና በድስት የሚበስል ነገር ይበዛብኛል።

እንግዲያው 5 ሴንቲ ዝቅ በሉ። ዳቦ በየደቂቃው አይታይም፣ አይዞርም፤ ስለዚህ ዓይን ያን ያህል አይጮህም። ድስቱ ግን ይከብዳል።

ትንሽ የጋዝ ምድጃ ገዛሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህ ሁሉ ሒሳብ ለኔም ነው?

ለእናንተ እንዲያውም ቀላል ነው። ጠረጴዛ መቀየር ኮንክሪት ከማፍረስ ይሻላል። መጀመሪያ ከምድጃው እግር ሥር እስከ ድንጋዩ ላይኛው ገጽ ለኩ። 15 ሴንቲ ቢሆንና 75 ሴንቲ በሆነ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ወለላችሁ 90 ነው። ዝቅ ብሏል።

እነዚህ ትናንሾቹ አንድ የተለየ ጠባይ አላቸው። አፋቸው ጠባብ ነው። ቁመቱ 12 ሴንቲ ነው ብንል፣ ያ ዓይኑ 160 ላይ ያለው ሰው ወለሉ 105 ላይ ሆኖ ከ60 ሴንቲ ርቀት ሲያይ የሚታየው 17 ሴንቲ ብቻ ነው። ፒዛው ራሱ 30 ሴንቲ ነው! ወለሉን ወደ 115 ሲያወጣው 22 ይሆናል። በዚያው ከፍታ ወደ ኋላ ተስቦ 120 ሴንቲ ሲርቅ 44 ይታየዋል። ስለዚህ ለትንሽ ምድጃ ወደ ላይኛው ወሰን፣ ማለትም ከክርን 10 ሴንቲ ከፍ ወዳለው፣ ማዘንበል ይሻላል። ከባድ ድስት አታስገቡበትም፤ ክርኑ አይቀየማችሁም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለትንም ልመዱ።

ከፍ ስታደርጉ ግን የቆመበትን ነገር አጥብቁ። ቀጭን እግር ያለው ጠረጴዛ ላይ ሳጥን ደራርቦ፣ በላዩ እሳት ማንደድ የለም። ጎማ ያለው ጋሪ ከሆነ ጎማው የሚቆለፍ ይሁን። አምራቹ ከሥሩና ከጎኑ ተዉ ያለውን ክፍተት ተዉ።

ሊጥ የምዘረጋበት ጠረጴዛ ከምድጃው ወለል ጋር እኩል ይሁን?

አይሁን። ሊጥ ሲዘረጋ ከላይ መጫን አለ፤ ለዚያ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ይሻላል። እኩል ሲሆን ለዓይን ያምራል፤ ትከሻ ግን ያማል። ከአፉ ፊት ያለው ማሳረፊያ ግን ሌላ ነው። እሱ ከወለሉ ጋር እኩል ወይም አንድ ሴንቲ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከፍ ካለ አካፋው ይነካል፣ ዐመዱም ሲጠረግ ይታገታል። ወደ ፊት ብዙ እንዳይወጣ። ማሳረፊያው በረዘመ ቁጥር እናንተ ከእሳቱ ትርቃላችሁ፣ እጃችሁም ያጥራል።

በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰውስ?

ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው 110 በፍጹም አይሆንም፤ አፉ ፊቱ ላይ ይመጣል። ዝቅ ብሎ የተገነባ ምድጃ ደግሞ ከሶሌታው እስከ ጡቡ ያለው ውፍረት 27 ሴንቲ ስለሚበላ ከሥሩ ለጉልበት ቦታ አይተርፍም። የሚሻለው ሥሩ ክፍት የሆነ ስስ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ምድጃ ማስቀመጥ ነው። ለጉልበት 70 ሴንቲ፣ ለጠረጴዛው 4፣ ለምድጃው እግር 12 ብንል 86 ላይ ያርፋል። ከጎኑ በቅርብ ማሳረፊያ ይኑር። ትኩስ ነገር ጭን ላይ ተሻግሮ መሄድ የለበትም።

ልጆች ስላሉ ዝቅ ባደርገው አይሻልም?

ዝቅ ማለት የልጅን እጅ ወደ እሳቱ ያቀርባል እንጂ አያርቅም። ልጅ ማገዝ ከፈለገ ሊጡ ጋ ይቁም።

ከሥሩ ብዙ ማገዶ እንዲገባ ከፍ ላድርገው?

አታድርጉ። ማገዶ ጎን ላይም ይከመራል። ከፍታውን የሚወስነው የሚጋግረው ሰው ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም። ወለሉ 10 ሴንቲ ሲወጣ ጉልላቱም ጭስ ማውጫውም አብረው 10 ሴንቲ እንደሚወጡ አትርሱ፤ ከላይ ጣሪያ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይህንንም እዩ።

ሁለት ሴንቲ ቢዛነፍብኝስ?

ምንም አይደል። ከፍታው ላይ ሁለት ሴንቲ ማንም አያስተውልም። ጡብና ጡብ መሀል ያለች ሁለት ሚሊ ሜትር ጉብታ ግን በያንዳንዷ ፒዛ አካፋውን ታስቆመዋለች። ጥንቃቄያችሁንና ውኃ ልካችሁን ለሱ አቆዩት።

ምድጃው ተሠርቶ አልቋል፤ 90 ላይ ነው። ምን ላድርግ?

የብረት መቆሚያ ላይ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ እግሩን በብየዳ ማስረዘም ይቻላል። የተገነባ ከሆነ አታንሡት፤ ሲነሣ ጉልላቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በሱ ፈንታ 150 ሴንቲ ወይም ከዚያ የሚረዝም አካፋ ግዙና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከ60 ወደ 120 ሴንቲ ስትርቁ፣ በዚያው በ90 ወለል ላይ የሚታየው ከ45 ወደ 90 ይደርሳል። ግለትን የሚችል መብራት ከአፉ ጎን ብታደርጉ ማታ ማታ በጣም ያግዛል። ሌላው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጋገር ነው። ለሁለት ሦስት ፒዛ ያስኬዳል፤ እንግዳ ሲበዛ ግን እየተነሡ መቀመጡ ራሱ ሥራ ይሆናል። የምትቆሙበትን መሬት ቆፍሮ ዝቅ ማድረግም የሚያስብ አለ። ዝናብ ሲጥል ውኃው የት እንደሚሄድ መልስ ካላገኛችሁ አትጀምሩት።